ማርክ አይለገስ፤ ዕድል ይሰጥ

ሴሚስተር ሊያልቅ ሲል በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የሚታይ አንድ የታወቀ ድራማ አለ። የሂሳብ መምህሩ ሮስተር ሊሞላ ቁጭ ሲል ከ50 በታች የሆነው ተማሪ ብዛት ያስደነግጠዋል። ሁሉንም ቢጥል ርዕሰ መምህሩ ያስጠራዋል፤ ወላጅም ይመጣበታል። ስለዚህ «ግሩፕ አሳይመንት» የምትባል መድኃኒት ትታዘዛለች። አንዱ ሰቃይ ይሠራል፣ አምስቱ ስማቸውን ያስጽፋሉ፣ ለስድስቱም 10 ከ10! ካርዱ አማረ። ኳድራቲክ እኩልታ ግን ላልገባው ልጅ አሁንም አልገባውም።

ይህን ለተማሪ ማዘን የሚሉት አሉ። እኔ ጭካኔ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ዕዳው 12ኛ ክፍል ላይ ይጠየቃል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ከፍ ብሎ 8.4 በመቶ ደረሰ። ከመቶ ተማሪ ከዘጠና በላይ የሚሆነው ግን ያኔም አላለፈም። የዚህ ሁሉ ጥፋት የማርክ ልገሳ ነው አልልም። ሆኖም እነዚህ ልጆች ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የደረሱት ካርዳቸው «አልፈሃል»፣ «አልፈሻል» እያላቸው ነው።

ታዲያ ጨክኖ መጣል ነው? እሱም አይደለም። ሂሳብ ውስጥ አንዱ ምዕራፍ በሌላው ላይ ይቆማል። ፋክተር ማድረግ ያልገባው ልጅ ኳድራቲክ ላይ ይወድቃል፤ እዚያ የወደቀ 10ኛ ክፍል ፖሊኖሚያል ፈንክሽን ላይ ይንገዳገዳል፤ ካልኩለስ ሲመጣ ጭራሽ ተስፋ ይቆርጣል። አሁን ያለው አሠራር ለዚህ ልጅ የሚለው «ቴስቱ አልፏል፣ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ» ነው። ኅዳር ላይ ከ10 2 ያመጣ ልጅ ተግቶ አጥንቶ ታኅሣሥ ላይ ያንኑ ምዕራፍ 9 ቢያመጣ እንኳ 2ቷ ከሮስተሩ ላይ አትነሳም። አማካዩ ይወሰድ ቢባል 5 ተኩል ይሆናል። 5 ተኩል ደግሞ የኅዳሩንም ልጅ የታኅሣሡንም ልጅ አይገልጽም። ማርክ ማሳየት ያለበት ልጁ አሁን የሚያውቀውን ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው፤ ድጋሚ ፈተና። ግን በሕግ!

አንደኛ፣ ተማሪው ድጋሚ ከመፈተኑ በፊት የተሳሳተበትን ጥያቄ ሁሉ እንደገና ሠርቶ፣ የት እንደሳተ ጽፎ ያስረክብ። ሁለተኛ፣ ጥያቄዎቹ አዲስ ይሁኑ፤ ክብደታቸው ግን አይቀንስ። ሦስተኛ፣ አዲሱ ውጤት አሮጌውን ይተካ። አራተኛ፣ ዕድሉ ለአንድ ምዕራፍ አንዴ ብቻ ይሁን፤ ፋይናል ለሁሉም እኩል፣ በአንድ ቀን ይሰጥ። የምናላላው ጊዜውን እንጂ መለኪያውን አይደለም።

«ስንፍናን ማበረታታት ነው» የሚል አይጠፋም። ስሙን አስጽፎ 10 ከሚያገኘውና ስህተቱን አርሞ ዳግም ከሚፈተነው ሰነፉ ማነው? «የሰቃዮቹ ልፋትስ?» ለሚል ደግሞ፣ የአንዱ 9 የሌላዋን 9 አይቀንስም። ችግሩ ካርድ ላይ የምንጽፈው ደረጃ ነው። «ስንተኛ ወጣህ?» ማለት ለምዶብን «ምን ገባህ?» ማለት ጠፍቶናል። ደረጃ የግድ ከሆነ በመጀመሪያው ሙከራ ይሰላ።

ከሁሉም የሚከብደው የመምህሩ ጥያቄ ነው። ስድሳ ተማሪ በሞላበት ክፍል ማን ያርማል? እውነት ነው፤ በነጻ ይሥራ ማለት ግፍ ነው። ድጋሚ ፈተናው ከማስተማሪያ ክፍለ ጊዜው ጋር ይቆጠርለት። የግሩፕ አሳይመንቱ ቢቀነስም ጊዜ ይተርፋል።

ደግሞ ሁለተኛ ዕድል ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘናን ያወጀው ተማሪ በአንድ ቀን ፈተና ብቻ እንዳይመዘን ነው። ትምህርት ሚኒስቴርም የማለፊያ ውጤት ካላመጡት መካከል የተሻሉትን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሬሜዲያል ፕሮግራም ዩኒቨርሲቲ አስገብቶ ዳግም ሲያስተምርና ሲፈትን ቆይቷል። መልካም ነው። ግን ያንን ዕድል ለመስጠት ልጁ 12ኛ ክፍል ደርሶ እስኪወድቅ መጠበቅ ለምን አስፈለገ? 9ኛ ክፍል ላይ አንድ ከሰዓት በኋላና አንድ ወረቀት ይበቃው ነበር።

አበው ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት እንዲህ ላለው ነው። የሂሳብ መምህራን ሆይ፣ በዚህ ሴሚስተር በአንድ ምዕራፍ ብቻ ሞክሩት። ርዕሳነ መምህራን ደግሞ አትከልክሏቸው።