ሳንጋላ የት ገባች?

«ትዌንቲ ፎር» የተባለው የአሜሪካ የስለላ ድራማ በሰባተኛው ሲዝኑ አንድ አፍሪካዊ አገር ፈጥሮ በታሪኩ አጋማሽ ላይ ጥሏት ይሄዳል። አገሪቱ ሳንጋላ ትባላለች፤ በካርታ ላይ የለችም። መፈንቅለ መንግሥት፣ ጠመንጃ ያነገቱ ሕፃናት፣ ከሥልጣኑ የተባረረ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ርኅራኄ ያልፈጠረበት ጄኔራል፤ ሆሊዉድ ለአፍሪካ ብሎ በመጋዘን ያስቀመጠው ዕቃ ሁሉ ወጥቶ ተሰጥቷታል። ከ24ቱ ክፍሎች ግማሹ ሲገባደድ ግን አገሪቱም ሕዝቧም ከስክሪኑ ይወርዳሉ። የቀረው፣ ዋሽንግተን ውስጥ እርስ በርስ የሚሳደዱ አሜሪካውያን ታሪክ ነው።

ሲዝኑ ጥሩ ነው፤ እንዲያውም በአንዳንድ ክፍሎቹ በጣም ጥሩ ነው። ጉድለቱ ጎልቶ የሚታየው ከደብረ ታቦር ሆኖ ለሚያየው ሰው ነው። የውጭ መንግሥት መጀመሪያ መልእክተኛ፣ ቀጥሎ አስተርጓሚና መረጃ ሰብሳቢ፣ በመጨረሻም ጦር የላከበት እውነተኛ ታሪክ ብዙው ክፍል የተፈጸመው እዚሁ ደቡብ ጎንደር ውስጥ ነውና።

በፎክስ ቴሌቪዥን ሲዝኑ የታየው እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ግንቦት 2009 ነበር። ዛሬ ስለ እሱ ማውራት አዲስ አዲሱን ለሚያሳድድ ተመልካች ያረጀ ወሬ ሊመስለው ይችላል። ደብረ ታቦር ላይ ግን ተከታታይ ፊልም ቶሎ አያረጅም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ያህል በተቋረጠበት ጊዜ፣ ፊልም በስልክ ከፍቶ ማየት የማይታሰብ ነበር፤ ሥራው ሁሉ ወደ ፍላሽ ተመለሰ። ፍላሽ የሚጭኑት ሱቆች ጠባብ ናቸው፤ አንድ ኮምፒውተር፣ በመስታወት ሥር የተደረደሩ ሚሞሪዎችና ቻርጀሮች፣ መብራት ከመጥፋቱ በፊት ኮፒው እንዲያልቅለት ሰዓቱን የሚያይ ደንበኛ። ምክሩ ከፊልሙ ጋር በነጻ ይመጣል፦ «ስድስትን እለፈው ወንድሜ፣ ያደክምሃል። ሰባትን ልጫንልህ።»

ምክሩ ትክክል ነው። ስድስተኛው ሲዝን ገና ከጅምሩ ሎስ አንጀለስ አጠገብ የኒውክሌር ቦምብ አፈነዳ፤ ከዚያ በላይ የሚያስደነግጥ ነገር ሲያጣ የዋና ገጸ ባሕርዩን የጃክ ባወርን አባትና ወንድም ጎትቶ አመጣና የስለላውን ታሪክ የቤተሰብ ጠብ አደረገው። ረጅም ዕድሜ ያለው የስለላ ድራማ ሁሉ እዚህ ጋ ይወድቃል፤ አደጋው በየዓመቱ ካለፈው መብለጥ አለበት፣ የሚበልጠው ነገር ግን ያልቃል። የሆሊዉድ ጸሐፊዎች እ.ኤ.አ. በኅዳር 2007 ሥራ ሲያቆሙ ድራማው የ2008ን ወቅት ዘለለ። ዕረፍቱ ጠቀመው። በኅዳር 2008 «ሪደምፕሽን» የተባለ የሁለት ሰዓት ፊልም እንደ መግቢያ ቀረበ፤ የተቀረጸውም ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነው።

«ሪደምፕሽን» ሳይታይ ሰባትን መጀመር አያዋጣም። ጃክ ከአሜሪካ መንግሥት መጥሪያ ሸሽቶ የቀድሞ ጓደኛው በሚያስተዳድረው ትምህርት ቤት ተጠልሏል። የጄኔራል ቤንጃሚን ጁማ ሰዎች ልጆቹን ለውትድርና ሊያግዙ ይመጣሉ። ጓደኛው ፈንጂ ረግጦ ይሞታል፤ ጃክም ልጆቹ በኤምባሲው ሄሊኮፕተር እንዲሳፈሩለት ራሱን አሳልፎ ይሰጣል። ጥይቱ እንዳለ ሆኖ፣ ፊልሙ ስለ ልጆቹ በእርግጥ ያስባል።

ሰባተኛው ሲዝን ራሱ ከሎስ አንጀለስ ወጥቶ ዋሽንግተን ይገባል። የጃክ የቀድሞ መሥሪያ ቤት ፈርሷል፤ ቦታውን ኤፍቢአይ ተክቶታል፤ ከጎኑ የምትሠራው ሬኔ ዎከር ናት። የመጀመሪያው ክፍል ጃክን በሴኔት ኮሚቴ ፊት ያስቀምጠዋል፤ ሰው ማሠቃየቱን እየጠቀሱ ያፋጥጡታል። ፕሬዚዳንት አሊሰን ቴይለርን ሆና የተጫወተችው ቼሪ ጆንስ በዚህ ሥራዋ በ2009 የኤሚ ሽልማት አግኝታለች፤ ይገባታል። ድምፅዋን ሳታነሣ ትእዛዝ የምትሰጥባቸው ትዕይንቶች ከፍንዳታዎቹ ሁሉ ይበልጣሉ። የጁማ ሰዎች ዋይት ሐውስን ሰብረው ገብተው ፕሬዚዳንቷን የሚይዙባቸው ክፍሎችም ድራማው በስምንት ሲዝን ከሠራቸው ምርጦቹ መካከል ናቸው።

የማሠቃየቱ ነገር ግን ብቻውን ሊታይ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2006 የዌስት ፖይንት ወታደራዊ አካዳሚ ዲን ብርጋዴር ጄኔራል ፓትሪክ ፊኔጋን ልምድ ያላቸውን መርማሪዎች ይዘው ወደ አዘጋጆቹ ሄደው ነበር። ተማሪዎቻቸው ከድራማው የወሰዱት ትምህርት አሳስቧቸው፣ ማሠቃየት መዘዝ ሲያመጣም እንዲታይ ጠየቁ። ሰባተኛው ሲዝን ለዚያ ክርክር የተሰጠ መልስ ይመስላል፤ መልሱ ግን ግማሽ ነው። ሴኔቱ ጃክን ይከሰዋል፣ ሬኔ ትሟገተዋለች፤ ሰዓቱ ሲጠብ ግን የጃክ መንገድ እንደገና ይሠራል። የተመታው ሰው የሚናገረው ሁልጊዜ እውነት ነው፤ የሚናገረውም ልክ በሚፈለግበት ደቂቃ ነው።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የቀይ ሽብርን ዘመን በዕድሜው ያየ ሰው ያለበት ቤት ውስጥ ይህ አይዋጥም። ወፌ ላላ የተገረፈ ሰው ሕመሙ እንዲያቆምለት ብቻ አፉ ላይ የመጣለትን ስም ይጠራ እንደነበር፣ የተጠራውም ሰው በተራው ሌላ ስም እንዲጠራ ይደረግ እንደነበር ያ ትውልድ ያውቃል። ከዚያ የተረፈው ጥርጣሬም በአንድ ቀን አይጠፋም። ዛሬም በየሠፈሩ ሰው «ጆሮ ጠቢ ነው» ከተባለ ቡና መጠራራት ይቀራል፤ ወሬው እውነት ይሁን ሐሰት የሚያጣራለት የለም። በጦርነት መካከል ደግሞ ጉዳቱ ቡና በመቅረት አያበቃም። «ትዌንቲ ፎር» የዚህን ዋጋ አንድም ቀን አላሰላም።

ወደ ሳንጋላ እንመለስ። የጁማ ቀኝ እጅ አይክ ዱባኩ ዋሽንግተን ውስጥ ተደብቆ ማሪካ ከምትባል የምግብ ቤት አስተናጋጅ ጋር ፍቅር ይዟል። እሷ የምታውቀው ሳሙኤል በሚል ስሙ ነው። በዊልቸር የምትሄድ እህት አለቻት፤ ሰውየው ደግ ነው ብላ አምናለች። ኤፍቢአይ ማንነቱን ሲነግራት የምታሳየው ፊት የሲዝኑ ከፍተኛ ቦታ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለላው የማይመለከተው ሰው ላይ ምን እንደሚያደርስ እናያለን። እሷም ባለሥልጣናቱን ልትረዳ ከዱባኩ ጋር መኪና ትገባለች፤ መኪናው ይጋጫል፤ ትሞታለች፤ ታሪኩ ወደሚቀጥለው ሰዓት ያልፋል። ጠቅላይ ሚኒስትር ማቶቦ፣ ትልቁ የኮትዲቯር ተዋናይ ኢሳክ ደ ባንኮሌ የተጫወተው፣ ከእገታ ነጻ ከወጣና የአሜሪካ ጦር ወደ አገሩ ከዘመተ በኋላ አያስፈልግም። በሄሊኮፕተር የወጡትን ልጆች ማንም አይጠይቅም። ስታርክዉድ የተባለ የግል ጦር ድርጅት ከነጀርም መሣሪያው ይመጣል፤ ሳንጋላም ለመሣሪያው መሞከሪያ የነበረች ቦታ ሆና በአንድ ዓረፍተ ነገር ትታወሳለች።

የተሻለ መንገድ እንዳለ «ዘ አሜሪካንስ» አሳይቷል። የሶቪየት ሰላይ በሐሰት ስም ያገባት የኤፍቢአይ ጸሐፊ ማርታ በአራተኛው ሲዝን ወደ ሞስኮ ትሸሻለች። ሌላ ድራማ ቢሆን እዚያው ይተዋት ነበር። አምስተኛው ሲዝን ግን ቋንቋው በማይገባት ከተማ፣ ባዶ በባዶ በሆነ የምግብ መደብር ውስጥ ብቻዋን ስትገበያይ ያሳያታል። ያ ድራማ እያረጀ የበሰለው ያቆሰላቸውን ሰዎች ተመልሶ ስለሚያያቸው ነው።

ደብረ ታቦር ላይ ይህን ማስረዳት ቀላል ነው፤ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወጣ ብሎ ጋፋት አለና። ዐፄ ቴዎድሮስ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያስቀለጡት እዚያ ነው። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የወጣው ከዚያ ነው። ንጉሡ በ1862 እ.ኤ.አ. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ሲያጣ የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን አሰሩ። እንግሊዝም የሞሱል ተወላጅ የሆነውን ሆርሙዝድ ራሳምን ላከች። ራሳም በ1866 መጥቶ በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ቆራጣ ላይ በክብር ተቀመጠ፤ ብዙም ሳይቆይ ራሱ እስረኛ ሆነ።

ለስለላ ድራማ ከሁሉ የሚመጥነው ግን ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ማርቲን ፍላድ ነው። ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1866 የእጅ ባለሙያዎችና ማሽን እንዲላክላቸው የሚጠይቅ ደብዳቤ አስይዘው ወደ እንግሊዝ ሰደዱት። ሚስቱና ልጆቹ መያዣ ሆነው እዚህ ቀሩ። ለንደን ባለሙያዎቹን ቀጠረች፣ ማሽኑን ገዛች፤ ሆኖም እስረኞቹ ሳይፈቱ ከምጽዋ እንዳያልፉ አደረገች። ፍላድ በ1867 ብቻውን ተመለሰ። ባለሙያዎቹ እንደማይመጡ፣ እስረኞቹ ካልተፈቱ ጦር ሊመጣ እንደሚችል፣ ቤተሰቡን በእጃቸው ለያዙት ንጉሥ መናገር ያለበት እሱ ነው። የጃክ ባወር ሰዓት ስልሳ ደቂቃ ቆጥሮ ቦምብ ያፈነዳል፤ የፍላድ ሰዓት አንድ ዓመት ቆጥሮ አንድን ሰው በአንድ ድንኳን ደጃፍ ያቆመዋል።

በዚያው ጊዜ ሌላው ወገን እየተዘጋጀ ነበር። ምጽዋ የነበረው ስዊዘርላንዳዊ ቨርነር ሙንዚንገር መንገዱን እያጠና እንግሊዞችን አማከረ፤ አገሩን የሚያውቀው ሚስዮናዊ ክራፕፍ በአስተርጓሚነት ተጠራ፤ ጂኦግራፈሩ ክሌመንትስ ማርካም ከጦሩ ጋር ዘመተ። የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ናፒየር 44 ዝሆኖች ጭምር ይዞ ሲንቀሳቀስ የውኃው ጉድጓድ፣ የዳገቱ ልክ፣ የየመኳንንቱ ወዳጅነት ተጠንቶለት ነበር። ከመቅደላ እስረኞች ወደ ባሕር ዳርቻ ደብዳቤ በድብቅ ያመላለሱት የአገሬው መልእክተኞች ነበሩ፤ ቢያዙ ምን እንደሚጠብቃቸው ያውቁታል፤ በኋላ በታተሙት መጻሕፍት ውስጥ ግን ከጌቶቹ ስም ጎን የእነሱ ስም እምብዛም አይጠራም። ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 10 ቀን 1867 ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወጡ፤ መቅደላ እስኪደርሱ ስድስት ወር ሊሞላ ተቃርቦ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የሆነውን ሁሉም ያውቃል።

ሳንጋላ የጎደሏት እነዚህ ናቸው፤ መልእክተኛው፣ አስተርጓሚው፣ መያዣ የሆነችው ሚስት። ሁለት መንግሥታት ሲተናነቁ መካከል ላይ የሚቆም ሰው ከሌለ የስለላ ታሪክ የተኩስ ታሪክ ብቻ ይሆናል።

አማርኛ ለዚህ ዓይነት ታሪክ እንግዳ አይደለም። ማሞ ውድነህ የውጭ የስለላ መጻሕፍትን እየመለሰ አንባቢ አፍርቷል። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው «ኦሮማይ» አሥመራ ላይ በቀይ ኮከብ ዘመቻ ወቅት ስለላን፣ ፍቅርንና ጓደኝነትን አንድ ላይ አስሮ ያሳየ ልብ ወለድ ነው፤ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። ተመልካቹም አለ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ማሰማት ሲጀምር፣ ሕዝቡ በየምሽቱ ረጅም ታሪክ ለመከታተል ትዕግሥት እንዳለው ታይቷል። የጋፋትን ታሪክ በፍላድ ቤተሰብ ዓይን የሚያሳይ ስምንት ክፍል ያለው ድራማ ሄሊኮፕተር አይጠይቅም፤ በቅሎ፣ ደብዳቤና ጥሩ ተዋንያን ይበቁታል።

እስከዚያው ሰባትን የሚያስጭን ሰው «ሪደምፕሽን»ንም አብሮ ያስጭን። ጊዜ ያጠረው እስከ አሥራ ሦስተኛው ክፍል ድረስ ቢያይ የሲዝኑን ምርጥ አግኝቷል፤ ማሪካም ቼሪ ጆንስም የዋይት ሐውሱ ከበባም እዚያ ውስጥ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ጆን ቮይት የሚጫወተው የስታርክዉድ ክፉ ነጋዴና የጃክ የቀድሞ ባልደረባ የቶኒ አልሜዳ የመክዳት ታሪክ ነው። የቶኒን ነገር ከመጀመሪያዎቹ ሲዝኖች ጀምሮ የተከታተለ እስከ ሃያ አራተኛው ይዝለቅ፤ ሌላው ሰው ቀሪዎቹን አሥራ አንድ ክፍሎች አጥፍቶ በፍላሹ ላይ ለ«ዘ አሜሪካንስ» ቦታ ቢያስለቅቅ አይጎዳም።