መኪናው ብቻ አይበቃም

ሄይዋርድ ተቀምጦ አገር ቤት ላለ ወንድሙ የጭነት መኪና መግዣ የሚልክ ወገን፣ መኪናው ሐምሌ ላይ ጭቃ ሲይዘው በምን እንደሚወጣም ማሰብ ይገባዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር መቅደላ ያደረሱት በሰው ጉልበት ነው። ዛሬም አይሱዙ ሲሰምጥ ገበሬው ተጠራርቶ ይደርሳል። መተባበሩ ያኮራል፤ ነገር ግን በሌላ መኪና ሲጎተት የተወጠረ የብረት ገመድ ከተበጠሰ እንደ ጅራፍ ተመልሶ ሰው ይገድላል።

ስለዚህ ከመኪናው ዋጋ ላይ ለአካፋና ለጠንካራ መጎተቻ ይታሰብ። ሾፌሩም አስቀድሞ ጭነቱን ያራግፍ፤ ከጎማው ፊት ጭቃውን ዝቆ ድንጋይ ያንጥፍ። ገመዱ ከሻንሲው ጋር እንጂ በቀላሉ በሚነቀል ብረት ላይ አይታሰር። ሲጎተትም ሕዝቡ ከገመዱ ርዝመት በላይ ይራቅ። መኪና ይተካል፤ ለመርዳት የወጣ ሰው ግን አይተካም።