ፍቺ ቀለለ? ለማን?

«ሕጉ ፍቺን አቀለለው፣ ትዳርን አረከሰው» የሚል ወሬ በየዶርሙ ይናፈሳል። እስቲ እንጠይቅ፤ የቀለለው ለማን ነው?

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። ሽምግልና ክቡር ነው፤ አንክድም። ሽማግሌው ዳኛ ሲሆን ግን «ቻይው፣ ልጄ» ማለት ምክር መሆኑ ቀርቶ ፍርድ ይሆናል። በሕጉ «ከባድ» የተባለ ምክንያት የሌላት ሴት ጉዳይዋ እስከ ዓመት ሊጎተት፣ ከንብረቱም ድርሻዋ ሊቀነስባት ይችል ነበር።

አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሥልጣኑን ለፍርድ ቤት ሰጠ። ተስማምተው የሚፋቱ ምክንያታቸውን እንዲናገሩ አይገደዱም፤ የማሰላሰያው ጊዜም ከሦስት ወር አይበልጥም። ታዲያ ይህ ትዳር ማፍረስ ነው? ቤቱማ ቀድሞ ፈርሷል፤ ሕጉ በሩን ከፈተ እንጂ!

የእኛ ቅሬታ ሌላ ነው። ፍቺው በወራት ያልቃል፤ የንብረቱ ክፍፍል ግን ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ ይንከባለላል። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዛ፣ ልጇን አዝላ፣ ማደሪያ ላጣች ሴት ምኑ ነው የቀለለላት?

ወገኖች፣ «ፍቺ በዛ» ብለን ከምንጮህ «ክፍፍሉም እንደ ፍቺው ይፍጠን» ብለን እንጩህ። መግቢያ ለሌላት ሴት መውጫው ብቻውን ነፃነት አይሆንም።