የመዝገቡ ጠባቂ መማር ይገባዋል

ጅማና በዙሪያዋ ያሉት የቡና ከተሞች፥ አጋሮ፥ ሊሙ ገነት፥ የቡ፥ ሰቃና በደሌ፥ ከጥንት ጀምሮ በገበያቸው የታወቁ ናቸው። በአባ ጅፋር ዘመን በሂርማታ ገበያ ከሩቅ አገር የመጣ ነጋዴ ይገናኝ ነበር። በዚያን ጊዜ የነጋዴው ሀብት በበቅሎ ጀርባ ላይ የሚታይ፥ ሒሳቡም በሰው ልብና በጥቂት ወረቀት የሚያዝ ነበር። ዛሬ ግን ቡናው እንደ ቀድሞው በጆንያ ቢጫንም፥ ከየትኛው ማሳ እንደ ተለቀመ፥ በየት እንደ ታጠበና ለማን እንደ ተሸጠ የሚገልጸው ጽሑፍ እየዋለ እያደረ ወደ ኮምፒውተር ገብቷል። እንግዲህ ኮምፒውተሩን የሚጠብቀው ሰው የመዝገቡ ጠባቂ ሆኗል ማለት ነው። የመዝገብ ጠባቂ ደግሞ ሙያውን ሳይማር ሊሾም አይገባውም።

ይህ ነገር የሩቅ አሳብ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ፥ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ተመንጥሮ በለማ መሬት የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ደንግጓል። አስመጪውም ቡናው የበቀለበትን ማሳ አቀማመጥ ማሳየት አለበት፤ ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፥ ከዚያ ለሚበልጠው ግን ዙሪያ ድንበሩ ይፈለጋል። ሕጉ በሥራ የሚውልበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ተላልፏል፤ ነገር ግን የቀን መተላለፍ ለመሰናዶ ፋታ ይሰጣል እንጂ ከመሰናዶ አያድንም። በጎማ፥ በማና፥ በጌራና በሊሙ ኮሳ ወረዳ ከጥላ ዛፍ ሥር ቡናውን የሚያለማው ገበሬ አብዛኛው ባለ ጥቂት መሬት ነው። የእርሱ ማሳ ከመዝገቡ ቢጠፋ፥ ወይም ከጎረቤቱ ማሳ ጋራ ቢደባለቅ፥ ቡናው ምንም ንጹሕ ቢሆን ማስረጃ ያጣል። ጥፋቱ የመዝገብ ጠባቂው ሆኖ ሳለ ዕዳውን የሚከፍለው ገበሬው ይሆናል።

የጤና ጥበቃ ሥራም እንዲሁ ነው። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ሚኒስቴር ከየጤና ጣቢያውና ከየሆስፒታሉ የሚመጣውን ቁጥር የሚሰበስበው ዲኤችአይኤስ ቱ በሚባለው ሥርዓት ነው። ይህም በኖርዌይ አገር በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የሚዘጋጅ፥ ለሁሉ የተፈቀደ ፕሮግራም ሲሆን፥ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው ሊኑክስ በተጫነበት ሰርቨር ላይ ነው።

ሊኑክስ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ መግለጽ ያስፈልጋል። በመስከረም 1976 ዓ.ም. ሪቻርድ ስቶልማን የተባለው አሜሪካዊ፥ ማንም ሰው ሊያየው፥ ሊገለብጠውና ሊያሻሽለው የተፈቀደ የኮምፒውተር ሥርዓት ሊሠራ እንደ ተነሣ አሳወቀ፤ ሥራውንም ግኑ ብሎ ጠራው። በነሐሴ 1983 ዓ.ም. ደግሞ በፊንላንድ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ የዚህ ዓይነት ሥርዓት እምብርት የሚሆነውን ሥራ መጀመሩን ገለጸ። ሁለቱም ሥራዎች ተጋጥመው ዛሬ ሊኑክስ የሚባለው ተገኘ። በ1997 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ የሆነው ማርክ ሻትልወርዝ ከዚሁ ዘር ኡቡንቱ የሚባለውን አስወጣ፤ ስሙም በዚያ አገር ቋንቋ ሰብአዊነት ማለት ነው። ከኅዳር 2010 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ላይ በፍጥነታቸው የሚመዘገቡት 500 ኮምፒውተሮች ሁሉ በሊኑክስ ይሠራሉ፤ በየገበሬው ኪስ ያለው የአንድሮይድ ስልክም እምብርቱ ይኸው ነው።

ይህን ሥርዓት የሚማር ሰው ከሥዕልና ከምልክት አልፎ በጽሑፍ ማዘዝን ይለማመዳል። ትምህርቱም እንደ ፊደል ቤት ትምህርት ከጥቂቱ የሚጀምር ነው። ኤልኤስ ብሎ የጻፈ በክፍሉ ውስጥ ያለውን ዝርዝር ያያል፤ ሲዲ ብሎ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ያልፋል፤ ሲፒ ብሎ ይገለብጣል፤ አርኤም ብሎ ያጠፋል። በአርኤም የጠፋው ጽሑፍ ግን ወደ ቅርጫት አይወርድምና፥ አጥፊው አስቀድሞ ሁለት ጊዜ ማንበብን ይለምዳል። ማን የሚባለው ትእዛዝ ደግሞ የእያንዳንዱን ትእዛዝ መግለጫ ያወጣል፤ መግለጫውም ከኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠ ስለ ሆነ ኢንተርኔት በተቋረጠ ቀን አይታጣም። ሀሁን የቈጠረ ልጅ ሳይሰለች ወደ ንባብ፥ ከንባብም ወደ ትርጓሜ እንደሚሻገር፥ እነዚህን የለመደ ወጣትም ቀስ በቀስ ሰርቨር ወደ መጠበቅ ይደርሳል።

ለሹማምንት ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን የሥልጣን አከፋፈል ነው። በሊኑክስ እያንዳንዱ ጽሑፍ ባለቤት አለው፤ ማንበብ፥ መጻፍና ማስኬድም ለባለቤቱ፥ ለማኅበሩና ለቀረው ሰው ተለይቶ ይፈቀዳል። ከሁሉ በላይ ሩት የሚባል ሥልጣን አለ፤ እርሱን የያዘ ሁሉን ሊያይ፥ ሁሉንም ሊያጠፋ ይችላል። ይህን ኃይል ለአንድ ሰው ብቻ ሰጥቶ መተው ታላቅ ስሕተት ነው። ሰውየው ቢዛወር ወይም ቢሞት መሥሪያ ቤቱ በገዛ መዝገቡ ላይ እንግዳ ይሆናልና። ካህናት ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ያውቁታል፤ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ንዋየ ቅድሳቱን በቈጠራ ይረከባል፥ ሲለቅም በቈጠራ ያስረክባል። በኮምፒውተርም ሥርዓቱ እንዲሁ ሊሆን ይገባል። ሱዶ በሚባለው ትእዛዝ እያንዳንዱ ጠባቂ በገዛ ስሙ ገብቶ ሲሠራ፥ ማን ምን እንዳዘዘ በመዝገብ ይጻፋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን ምስጢር በያዘ መሥሪያ ቤት ላይ የጥበቃ ግዴታ ስለ ጣለ፥ ይህ ሥርዓት ከሕግም የሚወለድ ነው።

ሁለተኛው ቁም ነገር ቅጂ ነው። በ1960ዎቹ የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም መነሣት በጀመሩ ጊዜ፥ አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ፥ ሌላውም በአሜሪካ በሚኒሶታ በኮሌጅቪል እንዲቀመጥ ተደርጓል። ብራናው በእሳት ወይም በሌባ ቢጠፋ ቃሉ እንዳይጠፋ የታሰበው ጥበብ ለቡናውም መዝገብ ይሠራል። በሊኑክስ ክሮን የሚባለው አሠራር በተወሰነለት ሰዓት ቅጂውን ራሱ ያደርጋል፤ ቅጂው ግን ከዋናው ጋራ በአንድ ክፍል ከተቀመጠ እንደ ሌለ ይቈጠራል። መብራት ድንገት ሲጠፋ በሥርዓት ያልተዘጋ ሰርቨር ሊበላሽ ስለሚችል፥ በጅማም በአጋሮም ይህ ጥንቃቄ ለነገ የሚባል አይደለም።

አንዳንድ ሰዎች ትእዛዙ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ለአገር ልጅ ይከብዳል ይሉ ይሆናል። ነገር ግን የጅማ ዞን ተማሪ አፋን ኦሮሞን በቁቤ ሲማር ያን ፊደል ከልጅነቱ ያውቀዋል። የግዕዝ ፊደልም እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 መዝገብ ስለ ገባ፥ በሊኑክስ አማርኛ ያለ ችግር ይጻፋል። ሌሎች ደግሞ በነጻ የተገኘ ነገር ዋጋ የለውም ይላሉ። እውነት ነው፥ ሊኑክስ ያለ ገንዘብ ቢገኝም ያለ ድካም አይያዝም፤ ለፈቃድ የማይከፈለው ገንዘብ ለሰው ትምህርት መዋል አለበት። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ጥገና ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፥ አዲሱን ለመሸከም የማይችሉ ኮምፒውተሮች በየመሥሪያ ቤቱ አሉ። እነዚህን ከመጣል ሊኑክስ ጭኖ መማሪያ ማድረግ ይሻላል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ወጣቶች ፕሮግራም መጻፍን እንዲማሩ በር ከፍቷል። ቤት የሚሠራ ሰው በበዛ መጠን ግን ቤት ጠባቂም ሊበዛ ይገባል። ስለዚህ በጅማ ዞንና በአጎራባቹ ያለ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤትና የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን፥ አንድ ሳይሆን ሁለት ሁለት ወጣት ሠራተኞችን ለዚህ ሙያ ይምረጥ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያው ከተማ ቆሞ ሳለ፥ መምህር ፍለጋ 350 ኪሎ ሜትር ወደ አዲስ አበባ መሄድ አያሻም፤ ዩኒቨርሲቲው ከሥራ ሰዓት በኋላ የሚሰጥ አጭር ትምህርት ቢያሰናዳ፥ መሥሪያ ቤቶቹም ለተማሪዎቻቸው ጊዜ ቢሰጡ ይበቃል። የምስክር ወረቀቱም በቃል ጥያቄ ብቻ አይሰጥ፤ ተማሪው የጠፋን መዝገብ ከቅጂ መልሶ በማስነሣት ይፈተን።

አለቃውም ቢሆን ትእዛዙን ሁሉ ባያውቅ፥ በየወሩ ሦስት ነገር መጠየቅ ይችላል። የመጨረሻው ቅጂ መቼ ተደረገ፥ ተመልሶስ ተሞክሯል ወይ? የሩትን ይለፍ ቃል የሚያውቁ እነማን ናቸው? ከሥራ የለቀቀው ሰው ስም ከኮምፒውተሩ ተሰርዟል ወይ? ለእነዚህ መልስ የሚያገኝ አለቃ መዝገቡ በእጁ ነው፤ መልስ ያጣ ግን ማሳውን አምኖ ያስመዘገበውን ገበሬ ሀብት በማያውቀው ሰው እጅ ጥሎታልና፥ ጉዳት ሳይደርስ ዛሬውኑ ይነሣ።