መጽሐፉን ከነታሪኩ
የበዓሉ ግርማን መጻሕፍት የመጀመሪያ ዕትሞች እሰበስባለሁ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያሉ የአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ሲያዩኝ «ጋሼ፣ ዛሬ አንድ ነገር አለ!» ይሉኛል። እሱ ያዘጋጀው የነበረው «መነን» መጽሔት ሲገኝም አላልፍም።

ከሁሉ የምሳሳለት ግን የ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ነው። እንደወጣ ብዙ ሳይቆይ ታግዶ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ከቤት እንደወጣ ቀረ።

ይህን ያልሰማ ልጅ፣ እኔ ሳልፍ መጽሐፉን ለቆራሌው ቢሰጥ አይፈረድበትም። ስለዚህ በየመጽሐፉ ውስጥ ከየት እንዳገኘሁትና ለምን ብርቅ እንደሆነ በቁራጭ ወረቀት ጽፌ አስቀምጣለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰችው የልጅ ልጄም እጇን ታጥባ ታነብባለች።

እናንተም የምትሳሱለት መጽሐፍ ካለ፣ ቆልፋችሁ ከምታስቀምጡ ታሪኩን በሕይወት ሳላችሁ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።