እጮኛዬ ጥይት ይሞላል፤ ላግባው ወይስ ይቅርብኝ?

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል አንደኛው ፍቅርንና ባሩድን አንድ ፖስታ ውስጥ አሽጎ የመጣ ነው። የጸሐፊዋም የእጮኛዋም ስም ይቆየንና ሐሳቡን አሳጥሬ ላቅርብላችሁ፦

«ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እጮኛዬ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ይኖራል። ቪዛዬ አልቆ ልሄድ ሁለት ወር ቀርቶኛል። ባለፈው በቪዲዮ ስናወራ ከጀርባው ጠረጴዛ ላይ የቀለህ ክምር አየሁ። ‹ምንድነው ይሄ?› ብለው የተተኮሰ ቀለህ እየሰበሰበ ራሱ ጥይት እንደሚሞላ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ዒላማ እንደሚተኩስ፣ በአደን ወቅት ደግሞ ተራራ እንደሚወጣ ነገረኝ። አንዱን ቀለህ አስር ጊዜ እንደሚጠቀምበት ሲያወራ ኩራቱ አይጣል ነው። ሰሞኑን ግን ‹አሁን አሁን ካፕሱሉ እንደ ቅቤ እየገባ ነው› ብሎ ሲስቅ ሰማሁት። እኔ አልሳቅሁም። ይሄ ሰው ጤነኛ ነው? ሕጋዊስ ነው? ላግባው ወይስ ይቅርብኝ?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ ልብሽን አረጋጊ። ሰውየው ጤነኛ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተተኮሰ ቀለህ መልሶ መሙላት የቆየና የታወቀ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው፤ መሣሪያው፣ ሚዛኑ፣ መመሪያ መጽሐፉ ሁሉ በሱቅ ይሸጣል። ለራሱ እስከሞላ ድረስ የፌዴራሉ ሕግ ፈቃድ አውጣ አይለውም። እየሞላ መሸጥ ከጀመረ ግን ፈቃድ ግድ ነው። ስለዚህ ለጓደኞቹ እያከፋፈለ ሒሳብ የሚቀበል ከሆነ፣ እዚያች ላይ ጆሮውን ቆንጠጥ አድርጊው።

«እንደ ቅቤ እየገባ ነው» ያላት ነገር ግን ቀልድ የለባትም። አንቺ አለመሳቅሽ ልክ ነበር።

እስቲ ለማናውቀው ሁሉ ነገሩን ላስረዳ። አንድ የጠመንጃ ጥይት አራት ነገር ነው፦ ከናስ የተሠራው ቀለህ፣ ባሩዱ፣ አረሩና በቀለሁ ቂጥ መሀል የምትቀመጠው ካፕሱል። ቃታ ሲሳብ መርፌው ካፕሱሏን ይመታታል፤ እሷ እሳት ትጭራለች፤ ባሩዱ ይቀጣጠላል፤ አረሩ ይሄዳል። የሚተርፈው ቀለሁ ብቻ ነው። የሚሞላው ሰው የተቃጠለችውን ካፕሱል ገፍቶ ያወጣና በቦታዋ አዲስ ይተካል። ካፕሱሏ የምትገባባትን ጉድጓድ ለዛሬ «ጎጆ» እንበላት።

ጎጆዋ ከካፕሱሏ በፀጉር ታህል ትጠባለች። ትልቋ የጠመንጃ ካፕሱል ስፋቷ 5.3 ሚሊሜትር፣ ትንሿ ደግሞ 4.4 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ካፕሱሏን የያዛት ሙጫ ወይም ብሎን ሳይሆን ይኸው ጥበት ነው። አሁን ግፊቱን አስቢው፦ 308 ዊንቸስተር ለሚባለው የታወቀ የአደን ጥይት የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 62,000 ፒ.ኤስ.አይ. ነው። የመኪና ጎማ የሚነፋው 32 ገደማ ነው። ሁለት ሺህ እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ቀረው ማለት ነው!

ናስ ሲገፋ ይለጠጣል። የቀለሁ አንገትና ገላ ሲሰፋ በሻጋታ ተጨምቆ ወደ ልኩ ይመለሳል። ጎጆዋን ግን ሻጋታው አያገኛትም። አንዴ ከሰፋች ሰፋች ነው። የሰፋች ጎጆ ካፕሱሏን መያዝ ሲያቅታት የጋለ ጋዝ በዳር ያፈተልካል። ጋዙ የጠመንጃውን ብረት ይበላል፤ ሲብስም ወደ ተኳሹ ፊትና ዓይን ይመለሳል። አንዳንዴ ካፕሱሏ ጭራሽ ወልቃ ትወድቃለች። እንደ ኤአር-15 ባሉት ራሳቸው በሚያጎርሱ ጠመንጃዎች ደግሞ ቃታው ሥር ገብታ መሣሪያውን ልታስቆመው ትችላለች።

ታዲያ እንዴት ይታወቃል? እነዚህን ለእጮኛሽ አንብቢለት።

አንደኛ፣ ዓይን። ተኩሶ ሲመለስ የቀለሁን ቂጥ ይመልከት። በካፕሱሏ ዙሪያ ጥቁር የጥላሸት ቀለበት ካለ ጋዝ አምልጧል ማለት ነው። ያ ቀለህ ዳግም አይሞላም።

ሁለተኛ፣ እጅ። የተቃጠለችው ካፕሱል ያለ ምንም ትግል ዱብ ካለች ቀለሁ ይጠርጠር። አዲሷ ስትገባም እጁ ላይ ጠንከር ያለ፣ ወጥ የሆነ ግፊት ሊሰማው ይገባል። በእጅ በምትጨመቅ ትንሽ ማስገቢያ መሣሪያ ከሆነ ልዩነቱ ቶሎ ይታወቃል። «እንደ ቅቤ» ከሆነ በቃ፣ የቀለሁ ዕድሜ አልቋል።

ሦስተኛ፣ መለኪያ። ለዚሁ ሥራ የሚሸጥ ሁለት ጫፍ ያለው የብረት መለኪያ አለ። አንዱ ጫፍ መግባት አለበት፤ ሌላው ጫፍ መግባት የለበትም። መግባት የሌለበት ከገባ ጎጆዋ ሰፍታለች። ይህ የሚደረገው ካፕሱል በወጣለት ባዶ ቀለህ ላይ ብቻ ነው። ካፕሱል ባለበት ቀለህ ላይ ብረት እየጎረጎሩ መሞከር የለም!

የወታደር ቀለህ ከሆነ ደግሞ ካፕሱሏ እንዳትወጣ ጠርዙ ተጨፍልቆ ነው የሚመጣው። ያንን ጠርዝ ሲያነሳ ከመጠን በላይ ከቆረጠ፣ አንዴ ብቻ የተተኮሰውንም ቀለህ ራሱ ያበላሸዋል።

የላላውን ቀለህ በሙጫ፣ በጥፍር ቀለም፣ በመዶሻ ለማጥበቅ የሚሞክሩ አይጠፉም። አይሆንም! አንገቱን በፒንሳ ጨፍልቆ ለቁራሌው መስጠት ነው፤ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይሞላው።

ስንት ጊዜ ከተተኮሰ በኋላ ይጣል ለሚለው የተቆረጠ ቁጥር የለም። በለዘብተኛ መጠን የተሞላ ቀለህ ብዙ ይቆያል፤ ባሩድ የበዛበት በሁለት በሦስት ተኩስ ሊላላ ይችላል። ስለዚህ ጎጆዎቹ ቶሎ ቶሎ ከላሉ የባሩዱን መጠን ከመጽሐፉ ጋር ያስተያይና ይቀንስ። አብረው የተተኮሱትን ቀለሆች ለየብቻ ካርቶን አስቀምጦ የተተኮሱበትን ብዛት ላያቸው ላይ መጻፍም ጥሩ ነው።

ያልጠየቅሽኝን ሁለት ነገር ልጨምር። የተቃጠለ ካፕሱል ብናኝ እርሳስ አለበት። እርሳስ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን መርዝ ነውና ሥራው ከማዕድ ቤት ይራቅ፤ እጁንም ታጥቦ ይብላ። ሌላው፣ የምትገቢው በእጮኛ ቪዛ፣ ማለትም በኬ-1 ከሆነ፣ ቋሚ ነዋሪ እስክትሆኚ ድረስ የአሜሪካ ሕግ እንደ አደን ፈቃድ ካሉ ጥቂት ሁኔታዎች በቀር መሣሪያም ጥይትም እንድትይዢ አይፈቅድልሽም። ስለዚህ «ነይ አግዢኝ» ቢልሽ እንዳትነኪ፤ እሱም ቆልፎ ያስቀምጥ። ዝርዝሩን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቂ።

እዚህ ያላችሁ ጎረምሶች ደግሞ «እኛስ?» እንዳትሉ። በአገራችን አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያም ሆነ ጥይት መያዝን ይከለክላል። አያቶቻችን ዘመን ጥይት ገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር፤ ያ ዘመን ግን አልፏል።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ። «እኔን ወይም ጥይትህን ምረጥ» ብለሽ አትነሺበት፤ ይደብቅሽ ይሆናል እንጂ አይተውም። ሦስት ነገር ጠይቂው፦ ይሄ ቀለህ ስንት ጊዜ ተተኮሰ? መለኪያ አለህ? የባሩድህ መጠን ከመጽሐፉ አያልፍም? «ልክ ነሽ» ብሎ የላሉትን ለይቶ ከጣለና የዓይን መከላከያ መነጽሩንም ካላወለቀ፣ ሂጂ አግቢው፤ ጥንቃቄ የሚያውቅ ሰው ነው። ለአንዲት ቁራጭ ናስ ሳስቶ «ምንም አይሆንም» እያለ ከሳቀብሽ ግን ቆም ብለሽ አስቢ። ጥይት መሙላቱ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ምልክት እያየ መሳቁ ነው። የጥይቱን ጎጆ መላላት እያየ ያለፈ፣ የእናንተም ጎጆ ሲላላ አይቶ ያልፋል።

መልሱን ጻፊልኝ፤ እኔም አንባቢዎቼም እንጠብቃለን። ቸር ሰንብቱ!