አጥሩን ከመከርከማችሁ በፊት

ነሐሴ ሲጋመስ የአዲስ አበባ ግቢዎች ሥራ ይበዛባቸዋል። ዘመን መለወጫ ደረሰ ተብሎ የጽድ አጥር ይከረከማል፣ ሣር ይታጨዳል፣ የጣሪያ ጠርዝ ይጠረጋል፣ ጥግ ላይ የተከመረው ጭራሮ ይቃጠላል። ከደጋ ወፎቻችን ብዙዎቹ ደግሞ ዝናቡን ተከትለው ነው ጎጆ ሠርተው የሚፈለፍሉት። መቀስና ገጀራ በምናነሣበት በዚያው ሳምንት፣ በዚያው አጥር ውስጥ ዓይኑን ያልገለጠ ጫጩት አፉን ከፍቶ እናቱን ይጠብቃል። አትክልተኛው ጨካኝ ሆኖ አይደለም ጎጆውን ከቅርንጫፉ ጋር የሚጥለው፤ "መጀመሪያ ቅጠሉን ገለጥ አድርገህ እይ" ያለው ሰው ስለሌለ ነው።

የሰፈሬ ሰዎች፣ የየሰፈሩም ሰዎች፣ ዘንድሮ እንበለው!

አንድ ቤተሰብ ብቻውን ይህን አይወጣውም። ዋኖሷ ጎጆዋን የምትሠራው በእናንተ ኮክ ዛፍ ላይ ነው፤ ድመቷ ግን የጎረቤት ናት፣ ወንጭፉን የያዘው የማዶው ልጅ ነው፣ የአይጥ መርዙን ያስቀመጠው ጓሮ ያለው ተከራይ ነው። ስለዚህ ጥሪዬ ለዕድሩ፣ ለኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ፣ ለትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ፣ በር ላይ ለሚቆመው ጥበቃም ጭምር ነው። የምንጠይቀውም ከባድ አይደለም። አንድ ትንሽ ወፍ እንቁላል ከጣለች ጀምሮ ጫጩቶቿ እስኪበሩ ድረስ አንድ ወር ገደማ ነው። ለአንድ ወር አጥር ቢጎፍር ማን ይሞታል?

ከሁሉ አብልጠን የምንበድለው ጉጉትን ነው። ሌሊት ከኮርኒሱ በላይ እንደ እባብ "እሽሽሽ" የሚል ድምፅ ሲሰማ ቤተሰቡ ይደነግጣል፣ ጠበል ይረጫል፣ በማግስቱ መሰላል ይቆማል፣ ዱላ ይወጣል። እዚያ ላይ የሚገኘው ግን በነጭ ለስላሳ ላባ የተሸፈነ፣ ፊቱ የልብ ቅርጽ ያለው፣ ራት የዘገየበት ጫጩት ነው። እናትና አባቱ ሌሊቱን ሙሉ አይጥ እያመላለሱ ያጎርሱታል። የጤፍ ጆንያችንን ያለ ደመወዝ የሚጠብቅልንን ወፍ ሟርተኛ ብለን በድንጋይ ማሳደዳችን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያሳፍራል። መርዝም እናስቀምጣለን። መርዙን የበላችው አይጥ ወዲያው አትሞትም፤ እየተንገዳገደች ትወጣለች፣ ጉጉቱ ያነሣታል፣ መርዙ ጎጆ ይገባል። በየቤቱ መርዝ እየበተኑ "አይጥ በዛ" ማለት ይቅር። ወጥመድ አለ፣ እህሉን በክዳን መያዝ አለ።

ደግነታችንም ይፈተሽ። ሣር ላይ ላባው የወጣ፣ ጭራው አጭር፣ እየዘለለ የሚሄድ ጫጩት ስታገኙ የወደቀ ወላጅ አልባ አይምሰላችሁ፤ መብረር እየተለማመደ ነው፣ ወላጆቹም ቅርብ ሆነው ይመግቡታል። ድመት ካሰጋችሁ አንሥታችሁ ቁጥቋጦ ላይ አስቀምጡትና ራቅ በሉ። ላባ ያላወጣ ከሆነ ወደ ጎጆው መልሱት። ጎጆው ፈርሶ እንደሆነ ውኃ የማይቋጥር ትንሽ ቅርጫት ደረቅ ሣር አልብሳችሁ እዚያው ቅርንጫፍ ላይ እሰሩ። የሰው እጅ የነካውን እናቱ አትመለስበትም የሚባለው ልክ አይደለም። ይልቅ የሚያሸሻት ስልክ ይዘን ጎጆዋ ሥር ተገትረን ቪዲዮ ስንቀርጽ ነው። ወተትና ዳቦ አትስጡት፤ ወፍ ወተት አይፈጭም። በአፉ የምታንጠባጥቡለት ውኃም ሳንባው ሊገባ ይችላል። እህል የሚለቅሙት ወፎች እንኳ አብዛኞቹ ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በትልና በነፍሳት ነው። ስለዚህ ጎመኑ ላይ ማላታይን የመሰለ ፀረ ተባይ የሚረጭ ሰው የእነሱንም ማዕድ እያነሣ መሆኑን ይወቅ።

በእንጦጦ ሥር፣ በየካና በጉለሌ ዳገት የምትኖሩ ደግሞ ሌላም እንግዳ አላችሁ። የጥንቸል ግልገል ዓይኑ ተገልጦ፣ ፀጉሩም በቅሎ ነው የሚወለደው፤ እናቱ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ትታው ትውልና ሲመሻሽ ለጥቂት ደቂቃ ታጠባዋለች። የድኩላዋም ግልገል እንዲሁ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቆ ይተኛል። "እናቱ ጥላው ሄደች" ብላችሁ ስታነሡት ከእናቱ የነጠላችሁት እናንተ ናችሁ። የኢትዮጵያ ደጋ ጥንቸልም ሆነ የምኒልክ ድኩላ ከዚህች አገር ውጭ በየትም ጫካ አይገኙም፤ እኛ ካጠፋናቸው የሚተካቸው የለም።

ያገኛችሁት የጅብ፣ የቀበሮ ወይም የጦጣ ልጅ ከሆነ በባዶ እጅ አትንኩት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አያውቅም። ልጆችን አርቁና ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አሳውቁ። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ይዞ ማሳደግ በሕግ የተከለከለ ነው። ሆለታ አቅራቢያ ባለው የቦርን ፍሪ የዱር እንስሳት መጠለያ ማዕከል ከሚኖሩት አንበሶችና ሌሎች እንስሳት መካከል ግልገል ሳሉ "ያምራል" ተብለው የተያዙ አሉ። አድገው ሲያስፈሩ ግን ወደ ዱር መመለስ አልቻሉም።

ወንጭፍ የያዘውን ልጅ ተቆጥታችሁ ብቻ አትለፉት። ጎጆው የት እንዳለ ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ዘበኛ አድርጉት። ድመት ያላችሁ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ጠዋትና ማታ ቤት ዝጉባት። ከሐምሌ እስከ መስቀል ሳናይ አጥር አንቁረጥ፤ ጎጆ ከተገኘበትም ጫጩቶቹ እስኪበሩ እንተወው።

ለዚህ አዲስ ማኅበር ማቋቋም አያስፈልግም፤ ዕድር አለን። በመጪው ወርኃዊ ስብሰባ እጃችሁን አውጡና አጀንዳ አስይዙ። ሊቀ መንበሩ ቢስቅ ይሳቅ፤ ጸሐፊው ግን ውሳኔውን በቃለ ጉባኤው ላይ ያስፍር፣ አትክልተኞቹም ይነገራቸው።